ዜማው የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹን የማይልስ ዴቪስን «አጋርታ» አልበም ሰጠኝ። አንዱ ሙዚቃ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ዘፋኝ የለውም፤ የሚያዝ ዜማም አጣሁበት። ምኑን ነው የምሰማው?
ሙዚቃ ወዳድ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከቤዙ፣ ማለትም ከወፍራም ድምፁ ጊታር ጀምር። ማይክል ሄንደርሰን አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለስባታል። ጆሮህ እሷን ከያዘ ሌላው በራሱ ይመጣል።

አልበሙ እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1975 ጃፓን፣ ኦሳካ ውስጥ በመድረክ ላይ የተቀዳ ነው። የቀኑ ኮንሰርት «አጋርታ» ሆነ፤ የማታው ደግሞ «ፓንጌያ»። አብዛኛው ሙዚቃ እዚያው የተፈጠረ ነው። ማይልስ ባንዱን በእጅ ምልክትና በኦርጋን ይመራል። «ፕሪሉድ» የሚለው ሙዚቃ ላይ ልብ በል፦ ባንዱ እየጋለበ ሳለ ድንገት ቀጥ ይላል። ሶሎ የያዘው ሰው ብቻውን ሜዳ ላይ ይቀራል። ከዚያ ሁሉም እኩል ተመልሰው ይገባሉ። ለእኔ የአልበሙ ነፍስ እዚህ ጋ ነው። ደጋግሜ ሰምቼውም ያስደነግጠኛል!

ትራምፔቱ ግራ እንዳያጋባህ። በእግር እየተረገጠ ድምፁን በሚለዋውጥ መሣሪያ (በዋዋ ፔዳል) ስለሚያልፍ አንዳንዴ ጊታር ይመስላል። ያ የሚጮኸው እውነተኛው ጊታር ግን የፒት ኮዚ ነው። እንደ እሱ ደፍሮ የሚጫወት ጊታሪስት ብዙ አልሰማሁም።

ጩኸቱ ከከበደህ መጀመሪያ «ማይሻ»ን ስማ። ሰኒ ፎርቹን ዋሽንት ይጫወትበታል፤ ረጋ ያለ ነው። በስልክ ስፒከር ግን እንዳትሞክረው፣ ቤዙ ጭራሽ ይጠፋብሃል።