በምግብ ቤት ፈቃድ የሌሊት ሙዚቃ ይቻላል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ወደ ደሴ ከሚወስደው ዋና መንገድ ገባ ብሎ ምግብ ቤት አለኝ። ቀን ሽሮና ቅቅል በደንብ ይሸጣል፤ ማታ ግን ወንበሩ ባዶ ነው። ስለዚህ ቢራና ድራፍት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኪቦርድና ድምፃዊ፣ አንዳንዴም አዝማሪ ለመጨመር አስቤአለሁ። አንድ ሰው «የቆመ የመጠጥ ቤት ፈቃድ አለኝ፤ በወር እየከፈልሽኝ ሥሪበት» ይለኛል። ሌላው «ዝም ብለሽ ጀምሪው፤ ሲመጡ ታስተካክያለሽ» ይላል። ዙሪያዬ መኖሪያ ቤት ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው የሰውየውን ፈቃድ እንዳይነኩት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ፈቃድን ለሌላ ሰው ማከራየትን ይከለክላል። በወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ጠረጴዛ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት በተውሶ ፈቃድ የጀመሩ ሰዎችን መጨረሻ አይቻለሁ። ገበያው ሲደራ ባለፈቃዱ ኪራይ ይጨምራል፤ ግብር ሲመጣ ወይም ጠርሙስ ተወራውሮ ሰው ሲቆስል ደግሞ ሁለቱም «እኔ የለሁበትም» ይላሉ። ሁለተኛው ምክር ከዚህም የባሰ ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲያሽግ መጠጡን ለይቶ አያሽግም፤ በሩን ነው የሚያሽገው። ቀን የሚያበላዎት ሽሮም አብሮ ይዘጋል።

ትክክለኛው መንገድ ወደ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሥራ መስክ እንዲጨመርልዎ ማመልከት ነው። እንደ ሥራው ዓይነት ከጤና እንዲሁም ከባህልና ቱሪዝም በኩል የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃሉ። ከምግብ ጋር ቢራ የሚያቀርብ ቤት፣ ባርና የምሽት ክበብ አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ማመልከቻው ላይ የሚሠሩትን በትክክል ይጻፉ። ሙዚቃ ካለ ሙዚቃ አለ ይበሉ፣ የሚዘጉበትን ሰዓትም ይግለጹ። በጸጥታ ምክንያት የሰዓት ገደብ ሲታወጅ ፈቃዱ ምንም ቢል ገደቡ ይቀድማል። የገቢዎችንም ፋይል በዚያው ያስተካክሉ።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። የአገራችን የአካባቢ ድምፅ መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይፈቅዳል፤ ለንግድ ሰፈር 65 እና 55። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ነው። እንግዲህ ደብረ ብርሃንን እናውቃታለን፤ ብዙው ቤት በባሕር ዛፍ ማገር የቆመ የጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። የድምፃዊውን ድምፅ ግድግዳው ቢያፍነው እንኳ የኪቦርዱን ከበሮ አያግደውም፤ ያ ድምፅ በምሰሶውና በቆርቆሮው አልፎ ጎረቤት አልጋ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ድምፅ ማጉያ ከመግዛትዎ በፊት ተውሰው ይሞክሩት። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በሚያስቡት ከፍታ ይክፈቱት፣ በርና መስኮቱን ይዝጉ፣ ከዚያ ጎረቤትዎን አስፈቅደው መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ቆመው ያዳምጡ። የዘፈኑን ምት መቁጠር ከቻሉ ቤቱ ለኪቦርድ አልደረሰም ማለት ነው። ማጉያ የሌለው አዝማሪ፣ ማሲንቆውን ይዞ፣ ለእንዲህ ያለ ሰፈር የተሻለ ይመስለኛል፤ ደንበኛም ያገኛል።

ጎረቤቶችዎን ከጽሕፈት ቤቱ በፊት ያነጋግሩ። ቡና አፍልተው ይጥሯቸው፤ የትኞቹን ምሽቶች፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ ይንገሯቸው። ሕመምተኛ ወይም አራስ ያለበትን ቤት ማወቅ ያለብዎት በእርስዎ ጥያቄ እንጂ በእነሱ ክስ መሆን የለበትም።

አንድ ነገር አደራ የምልዎ ደግሞ የከሰል ነገር ነው። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ማታ ደንበኛ ሲመጣ በር ይዘጋል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ማንደጃ መሐል ይቀመጣል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ቀን ሰው ራሱን ሲያመው ወጣ ብሎ አየር ይወስዳል፤ ማታ ግን የጠጣ ሰው ማዞሩን ከመጠጡ ቆጥሮት እዚያው ይቀመጣል። ለዚህ ነው ዝም ማለት የማልችለው። ማንደጃ በፍጹም አያስገቡ። ለሙቀት ብለው የአየር መውጫውን በጨርቅ አይድፈኑ። ሰው በብዛት የሚያስቀምጡ ከሆነም ሁለተኛ በር ያውጡ፤ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፣ የቢራ ሳጥንም አይደርደርበት።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ወጣት ደንበኛ ይመጣል፤ ስለዚህ አስተናጋጆችዎ መታወቂያ መጠየቅን ይልመዱ። ቤት ውስጥ ማጨስም ክልክል ነው። ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስም እንደዚሁ፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚያጨስ ደንበኛም ጥፋቱ ወደ እርስዎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው የምኖረው። አጥራችን አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት በሙቀቱ ምክንያት ድምፅ ማጉያውን ግቢ አውጥቶ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይከፍታል። ልጄ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ብናገር «ፈቃድ አለኝ» ይለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈቃድ ካለው በሚታይ ቦታ መለጠፍ ግዴታው ነው፤ ገብተው ያንብቡት። ምግብ ቤት ወይም ግሮሰሪ የሚል ከሆነ ጉዳዩ የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ነው። የምሽት መዝናኛ የሚል ቢሆንም እንኳ ፈቃዱ የጎረቤትን እንቅልፍ የመንሳት መብት አይሰጠውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ድምፅ፣ ጭስና ንቅናቄ በጎረቤት ላይ ማድረስን ይከለክላል።

የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ይያዙ፤ ሌሎች ጎረቤቶችም ይፈርሙበት። ማመልከቻውን ለንግድ፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለፖሊስ በየራሱ ያስገቡ፣ ቅጂው ላይም የገቢ ማኅተም ያስመቱ። «ይዘጋልኝ» ብለው አይጻፉ፤ ስድስት ሰባት ሰው የሚቀጥር ቤት ለመዝጋት ኃላፊዎች ያመነታሉ። «ማጉያው ከግቢ ወደ ቤት ይግባ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይቀነስ፣ እስከ ፈተናው ማብቂያ ደግሞ በሥራ ቀናት አይከፈት» ብለው ይጠይቁ። ይህን በአንድ ደብዳቤ ማዘዝ ይችላሉ። መልስ ካጡ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘው ወደ ዞኑ ይሂዱ።