አሜቢክስ እነማን ነበሩ? ለሚለው

ወንድሜ፣ «የአሜቢክስ ዘፋኝ እውነት ሰይፍ ሠሪ ሆነ ወይስ ወሬ ነው?» ላልከው፣ እውነት ነው።

የሙዚቃ ባንዱን ዘፋኙ ሮብ ሚለርና ወንድሙ ስቲግ እንደ ፈረንጆቹ በ1978 እንግሊዝ አገር፣ ዴቨን ውስጥ ጀመሩት። ኋላ ብሪስቶል ገብተው ሰው በተዋቸው ባዶ ቤቶች ያለ ኪራይ እየተጠለሉ ኖሩ። ፓንኮች (ፈጣንና ሻካራ ሮክ ተጫዋቾች) ናቸው፤ ግን ብላክ ሳባትና ሞተርሄድ የሚባሉትን የከባድ ሮክ ባንዶች ክብደት ጨመሩበት። ክረስት የሚባለው የፓንክና የከባድ ሮክ ድብልቅ መሠረቱ ይኸው ነው። በ1985 «አራይዝ!» የሚለውን አልበም፣ በ1987 «ሞኖሊዝ»ን አውጥተው ተበተኑ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ቤታችን ሙዚቃቸውን መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን እናቴ ከምጣዱ ሳትነሳ «አንተ ልጅ፣ ወፍጮ ቤት ከፈትክብን እንዴ?» አለችኝ። አልተሳሳተችም። ጊታሩ የናፍጣ ወፍጮ ሲነሳ እንደሚያጓራው ነው፣ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ከዚያ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።

ሮብ ከዚያ በኋላ ስኮትላንድ፣ ስካይ ደሴት ገብቶ ሰይፍ መቀጥቀጥ ያዘ። እኛ አገር ቀጥቃጭን «ቡዳ ነው» እያልን ስናማ ኖረናል (እናሳፍራለን!)፣ እሱ ግን መድረኩን ትቶ ወደ እሳትና መዶሻው ሄደ። በ2008 ተመልሰው ተሰባስበው በ2011 «ሶኒክ ማስ»ን አወጡ።

ከ«አራይዝ!» ጀምር። በጆሮ ማዳመጫ ይሁን ታዲያ፣ ጎረቤት አለ።