መልስ፦ ሞተር ከቀየርኩ በኋላ የፒክአፑ የኢግኒሽን ሴንሰር ታይሚንግ እንዴት ይስተካከላል?
ሰላም ወንድም፣ ሞተሩን ቀይረህ በኢንቴኩ (በአየር ማስገቢያው) በኩል እየተኮሰ አልነሳ ካለህ አዲስ ሴንሰር ከመግዛትህ በፊት ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ እይ። የክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሴንሰር በቡሎን ቦታው ላይ የታሰረ ስለሆነ ባብዛኛው የሚስተካከል ነገር የለውም፣ ጣጣው ያለው ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሴንሰሩ ወይም ዲስትሪቡተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) ጋ ነው።

የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፍታና ቀዳዳውን በጣትህ ደፍነህ ክራንኩን ፑሊው ላይ ባለው ቡሎን በእጅ አዙረው፣ አየሩ ጣትህን ገፍቶ ሲወጣ እየጨመቀ ነው ማለት ነው፣ ከዛ የፑሊው ምልክት 0 ላይ እስኪመጣ ቀስ እያልክ ሂድ። ምልክቱን ብቻ አይተህ ዲስትሪቡተሩን እንዳትገጥም! ክራንኩ 2 ጊዜ ሲዞር ካሙ 1 ጊዜ ነው የሚዞረው ስለዚህ ጭስ በሚያስወጣበት ዙርም 0 ይመጣልሃል፣ ያኔ ከገጠምከው ዲስትሪቡተሩ 180 ዲግሪ ተገልብጦ ቁጭ ይላል። ደሞ የዲስትሪቡተሩ ጥርስ ዘመም ያለ ስለሆነ ወደታች ሲገባ ሮተሩ (ውስጡ ያለው የሚዞረው ክፍል) ትንሽ ይዞራል፣ ያንን አስበህ ትንሽ ወደኋላ መልሰህ አስገባው።

የጂኤም ኤልኤስ ሞተር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ባለ 24 እና ባለ 58 ሪሉክተር (የክራንኩ ሴንሰር የሚያነበው ጥርስ ያለው ቀለበት) አለ፣ ኮምፒውተሩ 24 እየጠበቀ ሞተሩ 58 ከሆነ ምንም ብታስተካክል አይሰራም። ዲስትሪቡተር ያለው ከሆነ ሲነሳ በታይሚንግ ላይት (ታይሚንጉን በብልጭታ የሚያሳይ መብራት) ቼክ አርገህ ነው የምታጠብቀው፣ ዲግሪው ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ስር ስቲከር ላይ አለ።