ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ቀኑ ያልተቆረጠ የባሕር ዳርቻ ጉዞ፣ ከደም ግፊትና ከስኳር ጋር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ52 ዓመት ሴት ነኝ፤ ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ባለቤቴ 58 ዓመቱ ነው። ስኳር ስላለበት ሜትፎርሚን ይውጣል፣ ማታ ደግሞ ኤንፒኤች ኢንሱሊን ይወጋል። ለአምስት ቀን ያህል ሞቃት የባሕር ዳርቻ ሄደን ማረፍ አስበናል። አገሩንም ቀኑንም አልቆረጥንም፤ ጥሩ ትኬት ሲገኝ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ እንነሳለን፣ ከወደድነውም ሁለት ሦስት ቀን ልንጨምር እንችላለን። ከአሁኑ ምን እናዘጋጅ? ለአምስት ቀን ተብሎስ የወባ መከላከያ መውሰድ ያስፈልጋል? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ ትኬት በሦስት ቀን ይገኛል። ቀን ተቆጥሮላቸው የሚሠሩ ነገሮች ግን በሦስት ቀን አይደርሱም። ስለዚህ አገሩ እስኪመረጥ ሳይጠብቁ እነሱን በዚህ ሳምንት ይጨርሱ።

ቀዳሚው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። የመጀመሪያ ክትባት የወሰደ ሰው ምስክር ወረቀቱ የሚጸናለት ከተከተበ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ዛሬ ተከትበው ከነገ ወዲያ ቢበሩ፣ ካርዱን ይዘው እንኳ ድንበር ላይ እንዳልተከተቡ ይቆጠራሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «የምሄድበት አገር ቢጫ ወባ የለበትም» ብሎ ሲተወው ነው። በሽታው የሌለባቸው አገሮች ካርዱን የሚጠይቁት በሽታው ካለበት አገር ለሚመጣ ሰው ነው። አንዳንዶቹ እንዲያውም በእንዲህ ያለ አገር አውሮፕላን ጣቢያ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየን መንገደኛ ይጨምራሉ። ርካሽ ትኬት ደግሞ ረጅም ትራንዚት ይወዳል። የቆየ ካርድ ካላችሁ ደግማችሁ አትከተቡ፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ጀምሮ፣ «ለ10 ዓመት» ተብሎ የተጻፈበትም ቢሆን ዕድሜ ልክ ይጸናል። በካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር መግጠሙን፣ ማኅተም፣ ፊርማና የክትባቱ መለያ ቁጥር መኖራቸውን አሁኑኑ ይዩ። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ያለበት ስለሆነ በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሰጥም። ከ60 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከፍ ይላል። ባለቤትዎ 58 ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ባያቆዩት ይሻላል።

በምግብና በውሃ የሚተላለፈውን የጉበት በሽታ፣ ሄፓታይተስ ኤን፣ የሚከላከለው ክትባት እንደ እናንተ ላለ መንገደኛ ገር ነው፤ አንዱ መርፌ በመነሻው ዋዜማ ቢሰጥ እንኳ ይጠቅማል፣ ሁለተኛው ከ6 ወር በኋላ ይደገማል። የታይፎይድ መርፌ ቢያንስ 2 ሳምንት ይፈልጋል። የመጨረሻው የቴታነስ ክትባታችሁ 10 ዓመት ካለፈው አብራችሁ አድሱት፤ ድንጋይና ኮራል ባለበት ባሕር እግር መቧጨሩ አይቀርም።

አሁን ወደ ወባው። ወባ ባለበት አገር አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ሊያዝ ይችላል። ለመያዝ የሚበቃው የአንዲት ትንኝ ንክሻ ነው፤ የቀኑ ማነስ ዕድሉን ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። ጥያቄው አገሩ ላይ ነው። ማልዲቭስ በ2015፣ ስሪላንካ በ2016 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ከወባ ነፃ ተብለዋል፤ እዚያ ክኒን አያስፈልግም። የኬንያ፣ የታንዛኒያና የሞዛምቢክ ዳርቻዎች ግን ወባ አለባቸው። የቆየው የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን፣ በእነዚህ አካባቢዎች የወባ ተውሳክ ስለተላመደው፣ መከላከያ አይሆንም።

ለእናንተ የምመርጠው አቶቫኮን ፕሮጓኒል ነው፤ ብዙ ሰው ማላሮን ብሎ ያውቀዋል። ከመግባታችሁ 1 ወይም 2 ቀን ቀድሞ ይጀመራል፣ እዚያ ሳላችሁ በየቀኑ አንድ፣ ከወጣችሁ በኋላ ለ7 ቀን ይቀጥላል። ሒሳቡን በጣት ይቁጠሩት፤ 2 ሲደመር 5 ሲደመር 7፣ ለአንድ ሰው 14 ፍሬ። ቆይታውን በሦስት ቀን ብታራዝሙ 17 ይሆናል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳችሁ 18 ይግዙ። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይዋጥ፣ በባዶ ሆድ ወደ ደም የሚገባው በጣም ይቀንሳል። በዋጡት በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ይደገም። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ስለማይሆን ባለቤትዎ ከመግዛታቸው በፊት ክሬቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይለኩ። ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ግን ከተመለሱ በኋላ 4 ሳምንት ሙሉ ይዋጣል፣ ቆዳንም ለፀሐይ ያጋልጣል። እርስዎ የሚወስዱት ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ያንኑ ያደርጋል፤ ሁለቱን ደርቦ አሸዋ ላይ መተኛት በራስ ላይ መፍረድ ነው። በሳምንት አንዴ የሚዋጠው ሜፍሎኩዊን ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት መጀመር ስላለበት ለእንዲህ ያለ ድንገተኛ ጉዞ አይመችም።

የወባው ክኒን ለደንጊ፣ በትንኝ ለሚተላለፈው የቫይረስ ትኩሳት፣ ምንም አይሠራም። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው፤ በተለይ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሰዓታትና ከመጥለቋ በፊት። የወባዋ ደግሞ ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች። ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ከ20 እስከ 50 በመቶ ያለበት የትንኝ ማባረሪያ ቀን ላይም ተቀቡ። መጀመሪያ የፀሐይ መከላከያው ይቀባል፣ ሲደርቅ ማባረሪያው ከላይ ይደረባል። የፀሐይ መከላከያውን በተመለከተ፣ መላ ሰውነትን አንድ ጊዜ በደንብ ለመቀባት 30 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ይፈልጋል፤ በየ2 ሰዓቱና ከባሕር በወጡ ቁጥር ይደገማል። አንዷ የ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለሁለት ሰው ከአንድ ቀን አታልፍም። ለአምስት ቀን በአንድ ጠርሙስ የተመለሰ ሰው ሲቀባ አልነበረም፣ ሲያብስ ነበር። እጅጌ ያለው የመዋኛ ልብስ ይህን ወጪ ግማሽ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ ለማንኛውም መንገደኛ የሚነገር ነው። እናንተን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ግን በየቀኑ የምትውጧቸው መድኃኒቶች ናቸው።

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጅበታል። የአምስት ቀን ጉዞ መልመዱ ሳይጠናቀቅ ያልቃል፤ ሙሉ ቆይታችሁ ላብ ብዙ ጨው የሚያወጣበት ጊዜ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በበኩሉ ጨውና ውሃ በሽንት ያስወጣል፣ ኢናላፕሪል ደም ሥሮችን ያላላል። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ከመቀመጫ ብድግ ሲሉ ዓይን ይጨልማል። የግፊት መለኪያ ይዘው ይሂዱ፣ ጠዋት ተቀምጠው፣ ከዚያ ቆመው ይለኩ። የላይኛው ቁጥር ሲቆሙ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ፈሳሽ አንሶዎታል ማለት ነው፤ ጥላ፣ ውሃ፣ ጨው ያለው ምግብ፣ ከዚያም ለሚከታተልዎ ሐኪም ስልክ። መድኃኒቱን «ለእረፍት» ብለው በራስዎ አይተዉት።

የባሰው ተቅማጥ ሲመጣ ነው። ፈሳሽ ባለቀበት ሰውነት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ኩላሊትን በአንድ ሁለት ቀን ሊያደክሙ ይችላሉ። ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ሜትፎርሚን ተጠራቅሞ የደም አሲድ ይጨምራል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተስማምታችሁ አንድ ወረቀት አስጽፉ፦ ተቅማጡ ወይም ትውከቱ ከበረታ እነዚህ ሦስቱ ይቆማሉ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በደንብ መብላትና መጠጣት ከተቻለ በኋላ ይመለሳሉ። ኢንሱሊን ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ባለቤትዎ ምግብ ባይበሉም የማታው መርፌ ጨርሶ አይቀርም። ስኳራቸውን በየ4 ሰዓቱ ይለኩ፣ መጠኑ ምን ያህል እንደሚቀነስም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ በተቅማጥ የወጣን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) ከሻንጣ አይጥፋ፤ ስድስት ከረጢት ለሁለት ሰው ይበቃል። ካለቀ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ጨው ከበዛ ስለሚጎዳ ማንኪያው በቢላ ጀርባ ይስተካከል። «ስኳር ላለበት ሰው ስኳር እንዴት?» ትሉኝ ይሆናል። አንጀት ጨውንና ውሃን የሚስበው ከስኳር ጋር ነው፤ ይጠጡት፣ ደማቸውን እየለኩ። የተቅማጥ ማስታገሻው ሎፐራማይድ ሁለት ፍሬ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ አንድ ይወሰዳል፤ በቀን ከአራት አይበልጥም። ደም ወይም ትኩሳት ካለ አይነካም፣ ሐኪም ቤት ይኬዳል።

ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይጓዛል። ታች የሚጫነው ሻንጣ ሊቀዘቅዝም፣ ሊጠፋም ይችላል። የቀዘቀዘ በረዶም በቀጥታ አይንካው፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ሲቀልጥ ደህና ቢመስልም ሥራው አልቋል። ከተከፈተ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች በአብዛኛው 4 ሳምንት ይቆያል፤ ባሕር ዳር ግን ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ በውሃ ተነክሮ በትነት የሚያቀዘቅዝ ከረጢት ይግዙለት። ከመወጋት በፊት ብልቃጡን በሁለት መዳፍ መካከል አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ያንከባልሉ። ኤንፒኤች እኩል እንደ ወተት መደፍረስ አለበት። ነጭ ጓል ከታች ከቀረ፣ ወይም ግድግዳው ላይ እንደ ውርጭ የተለጠፈ ነገር ከታየ ይጣል። ለዚህ ሲባል ሁለተኛ ያልተከፈተ ብልቃጥ መያዝ ያስፈልጋል፤ መርፌና መመርመሪያ ስትሪፕም ከሚያስፈልገው እጥፍ። የስትሪፑ ክዳን እርጥበት እንዳይገባው ወዲያው ይዘጋ።

ሙቀት ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ቶሎ እንዲገባ ያደርጋል፣ መዋኘት ደግሞ ስኳር ያቃጥላል። ባለቤትዎ ከመግባታቸው በፊት ይለኩ፣ ብቻቸውን አይዋኙ፣ ከረሜላ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይያዙ። በውሃ ውስጥ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ «ባሕሩ ቀዝቅዞ ነው» ይባልና የስኳር መውረድ ሆኖ ይገኛል። እግራቸው ከደነዘዘ ቀትር ላይ አሸዋ ያቃጥላቸዋል፣ አይሰማቸውም፤ ውሃ ውስጥም ጭምር ጫማ ያድርጉ፣ ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውን እርስዎ ይዩላቸው። በሞቃት የባሕር ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ቪብሪዮ የሚባሉ ባክቴሪያዎች በቁስል ገብተው በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ሊያበላሹ ይችላሉ፤ የስኳር ሕመምተኛ ከሌላው ይልቅ ይጋለጣል። ክፍት ቁስል ካላቸው ባሕር አይግቡ፣ ኦይስተር የሚባለውን ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳም በጥሬው አይብሉ። ቁስሉ ዙሪያ የሚሰፋ መቅላት ወይም ውሃ የቋጠረ እብጠት ከታየ ሆስፒታል በዚያው ሰዓት ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ። ደንጊ በ2 ሳምንት ውስጥ ይታያል፤ ወባ ግን ከገባችሁበት ከ7ኛው ቀን ጀምሮ፣ በአብዛኛው እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል። ክኒኑን ሳያጎድሉ የዋጡም ሳይቀሩ ትኩሳት ከተሰማቸው በዚያው ቀን የወባ የደም ምርመራ ያድርጉ፤ የመጀመሪያው ነፃ ከሆነ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ልዩነት በድምሩ እስከ ሦስት ጊዜ ይመርመሩ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አይወሰድ፣ ያደማሉ። በደንጊ አደገኛው ሰዓት ትኩሳቱ የሚበርድበት፣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ያለው ቀን ነው። ያኔ ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከመጣ «ተሻለኝ» ተብሎ ቤት አይዋልም። ምርመራ ክፍል ስትገቡም ከምልክቱ በፊት የትኛው አገር እንደነበራችሁና የተመለሳችሁበትን ቀን ተናገሩ።