ደሜን ለማላውቀው ሰው ብሰጥ ከነፍሴ አይጎድልም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኦሪት «የሥጋ ሕይወት በደሙ ውስጥ ነው» ይላል። ታዲያ ደሜን ለማላውቀው ሰው ብለግስ ከነፍሴ ቆርሼ መስጠት አይሆንብኝም? ዘመድ ሲቸገር ግን እሰጣለሁ። በጾም ቀንስ ይቻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ ዘሌዋውያን 17 የሚከለክለው ደም መብላትን ነው። ሕይወት በደም ውስጥ መሆኑ የተነገረን ደምን እንድናከብር እንጂ በደም እጦት የሚሞተውን ቆመን እንድናይ አይደለም። ነፍስ በሚሊ ሊትር አትለካም። የሚቀዳው 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ፈሳሹን ሰውነትህ በአንድ ሁለት ቀን፣ ቀይ የደም ሕዋሱን በሳምንታት ይተካዋል።

እኔን ያሳሰበኝ «ዘመድ ሲቸገር» ያልኸው ነው። ስንቱ ምእመን ይህን ይላል! በወሊድ ደም ለሚፈሳት እናት የሚደርስላት ተመርምሮ በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ደም ነው። አንተ ተጠርተህ፣ ተቀድቶ፣ ዓይነቱ ተለይቶ፣ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት በሽታ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ እስኪመረመር እርሷ አትቆይም። የተቀመጠውም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው፤ ቀይ ሕዋሱ ከ35 እስከ 42 ቀን፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ክፍል (ፕላትሌት) 5 ቀን ገደማ። ስለዚህ ዘወትር የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል።

የባሰም አለ። ለዘመድ ሲል በይሉኝታ የመጣ ሰው፣ ከመቀዳቱ በፊት ሲጠየቅ ለሕመም ያጋለጠውን ነገር ሊሸሽግ ይችላል። በደም የሚተላለፍ ሕመም በቅርቡ የያዘው ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ በምርመራ ላይታወቅ ይችላል። በእነዚያ ቀናት ታማሚውን የሚጠብቀው የለጋሹ እውነት ነው፤ እዚያ መዋሸት በሐሰት መመስከር ነው። የሚያሠጋህ ነገር ካለ «አልሰጥም» ብለህ ተመለስ፤ ኃጢአት የለበትም።

ጌታ «የሚወዱአችሁን ብትወዱ ምን ዋጋ አላችሁ?» ብሏል (ማቴ. 5፥46)። በፈቃዱ የሚለግስ ተቀባዩን አያውቀውም፤ ግራህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ የተባለው እዚህ ላይ እንዴት ያምራል!

ስለ ጾሙ፦ መለገስ ጾም አያስገድፍም። ነገር ግን በባዶ ሆድ የሰጠ ሰው ራሱን ሊያዞረው፣ ሊወድቅም ይችላል። ስለዚህ ጾም በሌለበት ቀን ሂድ፤ ካልሆነም ሰዓቱ ደርሶ የጾም ምግብ ከተመገብህና ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ከጠጣህ በኋላ ይሁን። ልትቆርብ ባሰብህበት ቀን አታድርገው። ከተቀዳህም በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ዕረፍ፤ በዚያ ክንድህ የዕለቱን ከባድ ነገር አታንሣ። ለሚቀጥለው ወንድ ሦስት፣ ሴት አራት ወር ትቆይ።