መልስ፦ የሳውዝባንክ ልጆች አዲሱን ቦታ ለምን እምቢ አሉ?

ወንድሜ፣ «ከድሮው ቦታቸው 120 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ አዲስ የስኬትቦርድ (የባለ ጎማ ሰሌዳ) መጫወቻ እንሥራላችሁ ሲባሉ የለንደን ልጆች ለምን እምቢ አሉ?» ብለህ ጠይቀሃል። ከሩቅ ሲያዩት እውነትም ግር ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮውን ቦታ ማንም ለስኬትቦርድ ብሎ አልሠራውም። ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ከሳውዝባንክ የባህል ማዕከል ሕንፃ ሥር የተረፈ ባዶ ቦታ ነበር። ተዳፋቱን ያገኙት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታናሹ ታላቁን እያየ ተምሮበታል። መንገደኛውም ቆም ብሎ ያያቸዋል። ይህን ነቅለህ አዲሱ ቦታ ወደታሰበበት ድልድይ ሥር ልትተክለው አትችልም።

በ2013 ማዕከሉ ለማስፋፊያው ገንዘብ ለማግኘት ቦታውን ለሱቅና ለምግብ ቤት ሊያደርገው አሰበ። ልጆቹ እዚያው ጠረጴዛ ዘርግተው ከአላፊ አግዳሚው ፊርማ ሰበሰቡ። ለወረዳው አስተዳደር ከ27 ሺህ በላይ ተቃውሞ ገባ። በ2014 መጀመሪያ የወቅቱ ከንቲባ ቦሪስ ጆንሰንም ደገፏቸው። በዚያው ዓመት ቦታው እንዳይነካ በሕግ የሚያስገድድ ውል ተፈረመ። ለዓመታት ታጥሮ የቆየው ክፍልም በ2019 ታድሶ ተከፈተ።

የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ የስኬትቦርድ ልጆች የሚወዱት አደባባይ፣ ላቭ ፓርክ፣ ግን አልተረፈም፤ ዛሬም ያሳዝነኛል። የአደባባዩ ሐሳብ አመንጪ ኤድመንድ ቤከን በ2002፣ በ92 ዓመታቸው፣ በአደባባዩ ስኬትቦርድ መከልከሉን ተቃውመው እዚያው ስኬትቦርድ ላይ ወጥተው ነበር። አደባባዩ በ2016 ፈረሰ። ከተነጠፈበት የግራናይት ድንጋይ ከፊሉን የስዊድኗ ማልሞ ከተማ ወሰደችው።