ህሊናዬ መሳሪያ አትያዝ ይለኛል፣ አባቴ ደግሞ ፈሪ ይለኛል

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። 21 አመቴ ነው፣ የምኖርበት አገር የውትድርና ግዴታ ስላለ በቅርቡ ጥሪ ይደርሰኛል። እኔ ግን ሰው ለመግደል መሰልጠን አልችልም፣ ዛሬ የመጣብኝ ነገርም አይደለም። አባቴ ድሮ ወታደር ነበር፣ ስነግረው "ታዲያ የሰው ልጅ ባንተ ቦታ ይሙት?" አለኝና ከዛ ወዲህ በደንብ አንነጋገርም። ህግ እንደኔ አይነቱን ሰው ያውቀዋል ወይ? ደግሞ አገር ቢወረርስ ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል? (የአባቴ ልጅ)

መልስ፦ የአባትህ ልጅ፣ ህጉን ቆይተን እናየዋለን፣ መጀመሪያ የሳቸውን ጥያቄ እናንሳ ምክንያቱም ከጻፍከው ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። እውነታቸውን እኮ ነው። አንተ የቀረህበት ቦታ ባዶ አይቀርም፣ የሌላ ሰው ልጅ ይቆምበታል። ይቺን ዘለህ "ህሊናዬ ነው" ብቻ ካልክ ማንም አይሰማህም፣ እሳቸውማ ጭራሽ። አማራጭ አገልግሎት የሚባለው ነገር አንዱ ምክንያቱ ይሄው ነው፣ መሳሪያ አልይዝም ያለ ሰው ሆስፒታል፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ምናምን ገብቶ ያገለግላል፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ከወታደሩ የበለጠ ጊዜ ይቆያል። ደቡብ ኮሪያን ውሰድ፣ ከ2020 ጀምሮ (አመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) እንዳንተ አይነቱ ሰው እስር ቤት ውስጥ እያደረ 36 ወር ይሰራል፣ እስረኛ ሆኖ ሳይሆን በሰራተኝነት፣ እግረኛ ወታደሩ ግን 18 ወር ጨርሶ ቤቱ ይገባል። እጥፍ ነው። ለኔ ይሄ ስሙ አማራጭ የተባለ ቅጣት ነው። የተመድ የሰብአዊ መብት ኮሚቴም በ1999 ፈረንሳይ ላይ በቀረበ አቤቱታ፣ የሰውየውን እውነተኝነት ለመፈተን ብሎ ጊዜውን እጥፍ ማድረግ አድልዎ ነው ብሏል።

ስለ ፈሪነቱ ለአባትህ የዴዝሞንድ ዶስን ታሪክ ንገራቸው፣ ወታደር የነበረ ሰው በደንብ ይገባዋል። አሜሪካዊ አድቬንቲስት ነው፣ በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጠመንጃ አልነካም ብሎ በህክምና ባለሙያነት ዘመተ፣ ካምፕ ውስጥ ጓደኞቹ መሳቂያ አድርገውት ነበር። በ1945 ኦኪናዋ ላይ ጓዶቹ ከገደሉ አናት ሲያፈገፍጉ እሱ እዛው ቀርቶ ቁስለኞቹን አንድ በአንድ በገመድ እያሰረ ወደታች አወረዳቸው፣ በሽልማቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር 75 ነው። የአገሪቱን ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ ሲሸለም አንዲት ጥይት አልተኮሰም። ሁሉም እንደሱ ይሁን እያልኩ አይደለም፣ ዩኒፎርም መልበስ ራሱ የማይዋጥላቸው አሉ፣ ያም መብታቸው ነው።

ወደ ህጉ ስንመጣ፣ የ1966ቱ አለም አቀፉ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 18 ስለ ህሊና ነጻነት ይናገራል እንጂ ውትድርናን በስም አያነሳም። ኮሚቴው ግን በ1993 መብቱ ከዚሁ አንቀጽ ይመነጫል አለ፣ ሃይማኖተኛ በሆነና ባልሆነ መሃልም ልዩነት አይደረግ አለ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2011 አርሜኒያ ያሰረችውን የይሖዋ ምስክር ጉዳይ አይቶ መብቱ ተጥሷል ብሎ ፈረደ። ጀርመን ከ1949 ጀምሮ ህገ መንግስቷ ውስጥ አስገብታዋለች። ግን ኮሚቴ ፖሊስ የለውም፣ ብዙ አገር ዛሬም ይሄን አያውቅም፣ እምቢ ያለ ይታሰራል። ስለዚህ ጥሪው ሳይደርስህ የምትኖርበት አገር የቱ ውስጥ እንደሆነ ጠበቃ ጠይቅ።

አገር ቢወረርስ ለሚለው... እንግሊዝ በ1916 ግዳጁን በህግ ስታውጅ ለእንዳንተ አይነቱ የህሊና አንቀጽ አስገብታ ነበር፣ የሚዳኙት ግን የየአካባቢው ሰዎች ናቸው፣ ልጁን ፊታቸው አቁመው "ጀርመን እህትህን ሊደፍር ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?" ይሉት ነበር። እከላከላታለሁ ካለ በቃ ውሸታም ነህ፣ ዝም ብዬ አያለሁ ካለ ደግሞ አውሬ ነህ። ይሄ ጥያቄ ከመቶ አመት በኋላም አልሞተም፣ አንተንም ይጠብቅሃል። በ2019 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አቃቤ ህጎች አልዘምትም ያለው ልጅ የተኩስ ጌም ይጫወት ነበር ወይ ብለው እስከማጣራት ሄደዋል። እህትን መከላከል ሌላ ነው፣ በትእዛዝ የማታውቀውን ሰው ለመግደል ወራት ሙሉ መሰልጠን ሌላ ነው፣ ይሄን በራስህ አፍ በለው፣ የማታውቀውን አላውቅም በል፣ ፈላስፋ አትሁን።

አንድ ነገር ግን ለራስህ በደንብ መልስ፣ የማትፈልገው ጦርነትን ነው ወይስ ይሄን ጦርነት? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 ሁሉንም ጦርነት ያልተቃወመ ሰው ከውትድርና ግዴታ ነጻ አይሆንም ብሎ ወስኗል፣ ሌላም ቦታ አንዱን ጦርነት መርጦ የሚቃወም ሰው መከራውን ነው የሚያየው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ለኔ አይዋጥልኝም፣ ህሊና ያለው ሰው ጦርነት ከጦርነት ይለያል እኮ። ቢሆንም ፎርሙ ላይ ያላመንክበትን እንዳትጽፍ፣ ኢንተርቪው ላይ ይታወቅብሃል። ደብዳቤህንም ከሰው አትገልብጥ፣ መቼ እንደጀመረህ፣ ምን እንዳየህ፣ ኑሮህ ላይ በምን እንደሚታይ ጻፍ፣ የሚያውቅህ ሰው ምስክርነት ጨምርበት፣ ኮፒውን አስቀር።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ተቀጥሮ ወታደር ከሆነ ቆየ፣ አሁን ግን መሳሪያ መያዝ አስጠልቶታል። ፈርሞ የገባ ሰው ይሄን ማለት ይችላል? (ሚስት)

መልስ፦ ይችላል እህቴ፣ ሰው ከገባ በኋላም ህሊናው ሊነቃ እንደሚችል የተመድ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በ1998 ተቀብሎታል። የአሜሪካ ጦር ለምሳሌ አመልካቹን ከቄስ፣ ከአእምሮ ሀኪምና ጉዳዩን ከሚያጣራ መኮንን ጋር ያነጋግረዋል፣ ካመኑት ወይ ያሰናብቱታል ወይ መሳሪያ የሌለበት ስራ ይሰጡታል። የሱ ጦር እንዲህ አይነት አሰራር ካለው በጽሁፍ ያመልክት። መልሱ ሲዘገይበት ተናዶ ከካምፕ እንዳይጠፋ ብቻ ያዢው፣ ከጠፋ በህሊና ሳይሆን በኩብለላ ነው የሚጠየቀው።